እህቴ የምትሰማት ዘፋኝ በአካል የለችም፤ ታዲያ ማነው የሚዘፍነው?

ናቲ_22 | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም የቤቱ ልጆች። ከእህቴ ጋር የሚያስታርቀኝ ሰው ፈልጌ ነው የመጣሁት። ሙድ የምትይዙ በኋላ ትይዛላችሁ።

ታናሽ እህቴ 17 ዓመቷ ነው። ከግድግዳው ማዶ ቀጭን፣ ፈጣን፣ የልጅ የሚመስል ድምፅ ስሰማ ከርሜ ስልኳ የተበላሸ ነበር የመሰለኝ። ጃፓንኛ መሆኑን እንኳ ያወቅሁት በቅርቡ ነው። ሐሙስ ማታ መብራት ሄዶ ሳሎን ተቀምጠን ሳለ "ና አንድ ነገር ላሳይህ" አለችኝና ኮንሰርት ከፈተችልኝ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሁሉም ሰማያዊም አረንጓዴም የሚመስል መብራት ይዞ እኩል ያወዛውዛል። መድረኩ መሀል ግን ሰው የለም። ፀጉሯ በሁለት ጎን ታስሮ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ የወረደ የካርቱን ልጅ ናት የምትዘፍነው።

ሳቅሁ። መሳቄ ሳያንስ "ለቴሌቪዥን ነው እንዴ የሚያጨበጭቡት?" አልኳት። ስልኳን ነጥቃኝ ገባች። ይኸው እስካሁን አታናግረኝም። እራት ላይ ጨው የምትጠይቀኝ እንኳ በአያታችን በኩል ነው።

እስቲ የምታውቁ አስረዱኝ። ሰው ዘፍኖት ነው በኋላ ካርቱን የሚለጠፍበት? ወይስ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው?


የመርካቶው | 3፡52

ከሌለች የኮንሰርቱን ብር ማን ይቀበልላታል? አድራሻ ላኩልኝ፣ እኔ ሕጋዊ ወኪል እሆናለሁ።


ማሂ_ኦሳካ | 4፡30

ናቲ፣ መጀመሪያ ገብተህ ይቅርታ ጠይቃት። ከዚያ ተመልሰህ ይህን አንብብ። ረጅም ነው፣ ቡና ያዝ።

ኦሳካ ለትምህርት ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። ስመጣ እኔም እንዳንተው ነበርኩ። ልጅቷ ሃትሱኔ ሚኩ ትባላለች። "ሃትሱ" መጀመሪያ፣ "ኔ" ድምፅ፣ "ሚኩ" ደግሞ መጪው ጊዜ ነው። ኦገስት 31 ቀን 2007 ነው የወጣችው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የወጣችውም ዘፋኝ ተብላ አይደለም። በካርቶን የሚሸጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበረች። ሻጩ ሰሜን ጃፓን፣ ሳፖሮ ያለው ክሪፕተን ፊውቸር ሚዲያ ነው። ድምፁን የሚያመርተው ሞተር የያማሃ ነው፤ ስሙ ቮካሎይድ። ያማሃ ሥራውን በ2000 ሲጀምር ባርሴሎና ካለው የፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነበር። ያኔ የፕሮጀክቱ የቤት ስም "ዴዚ" ነበር። በ1961 አሜሪካ ባለው የቤል ላብስ የምርምር ተቋም ውስጥ የአይቢኤም ኮምፒውተር የዘፈናትን "ዴዚ ቤል" የምትባል የድሮ ዘፈን አስታውሰው ነው ያወጡለት።

ማነው የሚዘፍነው ላልከው፣ ከስር ያለችው ሰው ናት። ፉጂታ ሳኪ የምትባል የአኒሜ ድምፅ ተዋናይ ስቱዲዮ ገብታ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች እየደረደረች ቀረጸች። ዘፋኝ ያልቀረጹት ለምን መሰለህ? ዘፋኞቹ ድምፄ ተገልብጦ ይቀርብኛል ብለው ፈሩ። ስለዚህ ድርጅቱ ወደ ድምፅ ተዋንያን ዞረ።

ለምን ትርጉም የሌለው ነገር ትላለች? "ካሳ" በል እስቲ። "ካ" ብለህ ቆመህ "ሳ" አትልም። ከ"አ" ወደ "ስ" የምትንሸራተትበት መንገድ አለ። የሚቀረጸው ያ መንገድ ነው። ለጃፓንኛ በአንድ የድምፅ ከፍታ 500 ገደማ ቁራጭ ይበቃል። እንግሊዝኛ 2500 ገደማ ይፈልጋል። እንግዲህ ጃፓኖቹ ለምን እንደቀናቸው በከፊል ገባህ።

ከዚያ ዜማ ደራሲው ቤቱ ቁጭ ብሎ እንደ ሒሳብ ደብተር በካሬ የተሰመረ ገጽ ይከፍታል። ዳር ላይ የፒያኖ ቁልፎች ቆመዋል። በየመስመሩ ዱላ የመሰለ ኖታ ያጋድማል። በየዱላው ላይ አንድ ፊደል ይጽፋል። ያጫውተዋል። የሚወጣው ድምፅ ደረቅ ነው፣ ወረፋ ቁጥር የሚጠራ ማሽን ነው የሚመስለው። ሥራው ከዚያ ነው የሚጀምረው። የቱ ፊደል ላይ ትንፋሽ ይጨመር፣ የቱ ጋ ድምፁ ይንቀጥቀጥ፣ የቃሉ ጭራ ይውደቅ ወይስ ይነሳ፣ ሁሉንም በእጁ ይስለዋል። ይህን ሥራ ጃፓኖቹ "ቾክዮ" ይሉታል። ፈረስ መግራት እንደምንለው። ሁሉም የገዛው አንድ ድምፅ ነው፤ የገሪው እጅ ግን ያስታውቃል። ጆሮው የለመደ ሰው ስም ሳያይ "ይሄ የእገሌ ሚኩ ናት" ይልሃል።


ናቲ_22 | 4፡41

ማሂ፣ እጅሽ ይባረክ። ይቅርታው ተሞክሮ በር ተዘግቶብናል። የተገዛ ዕቃ እንዴት ነው ታዲያ ኮንሰርት የሚሞላው?


ማሂ_ኦሳካ | 4፡58

በበይነመረብ ነዋ። ኒኮኒኮ የሚባል የጃፓን የቪዲዮ ገጽ በ2006 መጨረሻ ተከፍቶ ነበር። ተመልካቹ የሚጽፈው አስተያየት በቪዲዮው ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ይበራል፣ ብቻህን እያየህ ከሰው ጋር ያለህ ይመስልሃል። ሚኩ በወጣች ሰሞን አንዱ የፊንላንድ ፖልካ አዘፍኖ፣ ባሮ ሽንኩርት እያሽከረከረች ለቀቃት። አዎ፣ ባሮ ሽንኩርት። እስከ ዛሬ ከእጇ አልወጣም። ከዚያ አንዱ ዜማ ይጽፋል፣ የማያውቀው ሰው ሥዕል ይሥልለታል፣ ሦስተኛው ቪዲዮ ይሠራል፣ አራተኛዋ በራሷ ድምፅ ደግማ ትዘፍነዋለች።

ብሩን ማን ይቀበላል ላልከው የመርካቶው፣ ቀልድህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ዘፈኑ የደራሲው ነው። ሥዕሏና ስሟ የድርጅቱ ነው። ድርጅቱ ግን ሰዉ ሲሥላት ጠበቃ አልላከበትም። ገና በ2007 ፒያፕሮ የሚባል ገጽ ከፍቶ "እስካልነገዳችሁባት ድረስ ሣሏት" አለ። እኔን ብትጠይቀኝ ሚኩን ሚኩ ያደረጋት ከድምፁ ይልቅ ይህ ውሳኔ ነው።


ጋሽ_ታፈሰ_ኪቦርድ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 2፡10

እንደምን አደራችሁ ልጆች። ይህን ያሳየችኝ የልጅ ልጄ ናት።

ሠላሳ ዓመት በሆቴል ቤት ባንድ ኪቦርድ ስመታ ኖሬያለሁ። ብዙ ድምፃዊ አጅቤአለሁ። አንዱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሚከብደው ኖታ ጋ ሊደርስ ሲል ቀኝ ትከሻው ከፍ ይል ነበር። እኔም ትከሻውን አይቼ ኮርዱን በግማሽ ምት አዘገይለታለሁ። ሕዝቡ አያውቅም፣ እሱና እኔ እናውቃለን። ይህች ልጅ ትከሻ አላት? ማንስ ያዘገይላታል? ዘፋኝ ማለት የሚደክም ሰው ነው። የማይደክም ነገር ይጮኻል እንጂ አይዘፍንም።

አንድ ነገር ግን አልደብቅም። የልጅ ልጄ ከከፈተችልኝ አንዱ ዘፈን ላይ እጄ ሳላዘው ጠረጴዛው ላይ ሄደ። ትዝታ ማይነር ነው! ይህን ከየት አመጡት?


ማሂ_ኦሳካ | እሑድ፣ 3፡05

ጋሽ ታፈሰ፣ እንደምን አደሩ። እርስዎ እንዲህ ሲሉ እኔም ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም እዚህ ስመጣ መጀመሪያ ያደናገረኝ እሱ ነው። አንድ ምሽት ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ የአሮጊቶች ዘፈን ተከፍቶ የእናቴ ሬዲዮ መሰለኝ።

ጃፓኖች "ዮናኑኪ" የሚሉት ቅኝት አላቸው። ቃሉ "አራትና ሰባት የተነቀሉበት" ማለት ነው። ከሰባቱ ድምፆች አራተኛውንና ሰባተኛውን ያወጣሉ። በሜጀር ሲሆን የኛው ትዝታ ሜጀር ነው። በማይነር ሲሆን ትዝታ ማይነር። ኤንካ የሚሉት የናፍቆትና የመለያየት ዘፈናቸው በብዛት በዚህ ነው የሚሄደው። እኛ ከነሱ አልወሰድን፣ እነሱም ከኛ። የሚኩ ዘፈን አብዛኛው ሮክና ኤሌክትሮኒክ ነው እንጂ እንዲህ አይደለም፤ የጃፓን ጠረን ሊሰጧት ሲፈልጉ ግን ወደዚያ ይሄዳሉ።

ሌላም ልንገርዎት። ልብሷን አይተውታል? ክንዷ ላይ ያለውን ቁልፍ ቁልፍ የመሰለ ነገር? እሱ የያማሃ ዲኤክስ7 ኪቦርድ ነው። የቀለሟም መነሻ የዚያ የቁልፎቹ ቀለም ነው።


ጋሽ_ታፈሰ_ኪቦርድ | እሑድ፣ 3፡20

ዲኤክስ7? ኧረ በእመቤቴ!

ልጄ፣ ያንን ኪቦርድ ታቅፈነው ነው ያደግን። ብርቅ ነበር። አንድ ባንድ ውስጥ አንዱ ዲኤክስ7 ካለው ሰርግ በሰርግ ነው። ጋሽ ኃይሉ መርጊያም በፈረንጅ 1985 ዋሽንግተን ውስጥ ለብቻው ሲቀርጽ አኮርዲዮኑን ከዲኤክስ7 ጋር ነው ያጋባው። በኋላ ስንት ዘመን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ እንደገና ዓለም ሰማው።

አሁንም አልዘፈነችም ባይ ነኝ። ልብሷን ግን ወድጄዋለሁ።


ቶማስ_ዲሲ | እሑድ፣ ከቀኑ 9፡15

ሰዎች፣ ይሄ ያው ኤአይ ነው፣ ምን አስጨነቃችሁ? እዚህ በየቀኑ የሞተ ሰው ድምፅ ተቀጥሎ አዲስ ዘፈን ይለቀቃል። ቤተሰቡ አልፈቀደ፣ ማንም አልጠየቀ። የኛም አንጋፋዎች ላይ ተጀምሯል። እኔ ሁሉንም አንድ ላይ ጠልቼዋለሁ።


ብሩክ_ኮድ | እሑድ፣ 9፡50

ቶማስ፣ ንዴትህ ይገባኛል፣ ግን ሁለቱን አንድ ጆንያ ውስጥ አትክተታቸው። በ2007 እንዲህ ያለ ኤአይ አልነበረም። ሚኩ ቁልፍ ተጭነህ "አሳዛኝ ዘፈን ሥሪልኝ" የምትላት አይደለችም። ግጥም የለህም? ዝም ትላለች። ዜማ የለህም? ዝም ትላለች። ከድምፁ ባለቤት ጋርም ውል አለ፣ ፉጂታ ሳኪ ፈቅዳ፣ ተከፍሏት ነው የቀረጸችው።

በርግጥ አዳዲሶቹ ላይ ነገሩ እየተቀላቀለ ነው። በ2022 የወጣው ቮካሎይድ 6ም፣ ሲንተሳይዘር ቪ የሚባለውም በኤአይ ነው ድምፁን የሚያለሰልሱት። ሳትነካው ሰው ይመስላል። ኖታውንና ፊደሉን አሁንም አንተ ነህ የምታስቀምጠው። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ሰው መምሰሉ ብዙ አይጥመኝም። የድሮው ደረቅ ድምፅ ምን እንደሆነ አይደብቅህም ነበር።

እኔ ራሴ ዩታው የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ይዤ አማርኛ ላዘፍን ሁለት ሳምንት ታግያለሁ። ማታ ውጤቱን እጽፋለሁ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።


ማሂ_ኦሳካ | እሑድ፣ 10፡30

ብሩክ እስኪመጣ የኮንሰርቱን ልንገራችሁ። ጋሽ ታፈሰ "ማን ያዘገይላታል" ያሉት ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነው የዋለው።

ማጂካል ሚራይ የሚባለው ከ2013 ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረግ ነው። ያገኘሁት ቲኬት ዳር ላይ ነበር። ሆሎግራም ነው ይላሉ፤ አይደለም። ብርሃን የሚያሳልፍ ትልቅ መጋረጃ ነው፣ ከኋላ ነው ምስሉ የሚተኮስበት። ከመሀል ላየው ሰው ልጅቷ አየር ላይ ቆማለች። ከኔ ቦታ ግን ጎኗን ሳይሆን የሳሳ ወረቀት ነው የሚያሳየው። መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ግን ከዚያ ዳር ሆኜ ማየት የቻልኩት ነገር አለ፦ ባንዱን። እነሱ ሥጋና ደም ናቸው። ጊታሪስቱ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ሁሉም ጆሮአቸው ውስጥ ምት የሚቆጥር ነገር ሰክተዋል። እሷ አትጠብቃቸውም። ከሳቱ አልፋቸው ትሄዳለች።

ስለዚህ ጋሼ፣ እርስዎ እውነትዎን ነው፣ የሚያዘገይላት የለም። መከተል ብቻ ነው። ድካሙ ሁሉ የእነሱ ነው።

የሕዝቡ መብራት ግን ጉድ ነው። ያ የያዙት ዘንግ ቀለም ይቀያይራል። ሚኩ ስትወጣ አዳራሹ የእሷን ቀለም ይለብሳል። የዚያው ድርጅት ሌሎች ልጆች አሉ፦ ሪን ስትወጣ ብርቱካናማ፣ ሉካ ስትወጣ ሮዝ። ያዘዛቸው ሰው የለም። ዘፈኑ ሊጀምር ግማሽ ሰከንድ ሲቀረው አዳራሹ በሙሉ ይገለበጣል። ከጎኔ የነበሩ ሽበታም ሰውዬ ሁለት ዘንግ በአንድ እጅ ይዘው አንዱንም አልሳቱም።


የመርካቶው | እሑድ፣ 10፡34

በሰዓቱ የምትመጣ ዘፋኝ! ይህቺ ልጅ ሰው እንዳልሆነች አሁን ነው ያመንኩት።


ብሩክ_ኮድ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡20

መጣሁ። ዩታው በ2008 የወጣ ነው፣ ማንም የራሱን ድምፅ ቀርጾ ሊያስገባበት ይችላል። የተጠቀምኩት ድምፅ የካሳኔ ቴቶን ነው። ታሪኳ ያስቃል። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 1 ጃፓኖች በአንድ የወሬ ገጽ ላይ "አዲስ ቮካሎይድ ወጣች" ብለው ሰው ለማታለል የፈጠሯት ናት። ቀልዱ ሲያልቅ "ይቺን ልጅ ለምን እውነት አናደርጋትም?" አሉና ድምፅ ቀረጹላት። በ2023 ሲንተሳይዘር ቪም ላይ ወጣች። ውሸት ሆና ተወልዳ እንዲህ የሠራላት አላየሁም።

እንግዲህ ችግሮቹ። ኮምፒውተሩን ወደ ጃፓንኛ ካልቀየርከው የፋይሎቹ ስም ሁሉ ዝባዝንኬ ምልክት ይሆናል። አንድ ቀን በዚህ ሄደ። ከዚያ አማርኛው።

ፊደላችንና ካና የሚባለው የጃፓኖቹ ፊደል ወንድማማች ይመስላሉ። "ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ" ብለው ነው እነሱም የሚቆጥሩት፣ ተነባቢና አናባቢ በአንድ ፊደል። ስለዚህ ይሳካል ብዬ ገባሁ። "ቆንጆ" ብዬ ብጽፍላት "ኮንጆ" አለችኝ። "ልቤ" ስላት "ሩቤ"። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ የሏትም። ለ የላትም። "ቆ"ን ለማስመሰል ከፊቷ ትንሽ ዝምታ አስገብቼ መነሻዋን አጠነከርኩት። ከአሥር ሙከራ በኋላ "ኮ" ሆና የተቆጣች ወጣች።

ማጥበቅና ማላላትም አለ። የኛ ፊደል "ገና" ብሎ ይጽፍና የልደት ይሁን "ገና አልመጣም" ያንባቢው ዕዳ ነው። ጃፓኖች ማጥበቂያውን ይጽፉታል፤ ትንሽ ምልክት አለቻቸው፣ ለ"ና" ደግሞ ከፊቷ አንድ ብቻዋን የምትቆም "ን" ያደርጋሉ። ለኛ በዓል የራሷ ዱላ ያላት "ን" ማስገባት ነበረብኝ። ልደቱ ሙሉ አንድ ኖታ አስከፍሎኛል።

አንድ ነገር ብቻ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ተስፋ ቆርጬ "እሹሩሩ" ብዬ ጻፍኩላት። አለችው! ሹም ሩም አላት። የጃፓኖቹ "ኡ" ከንፈር ስለማያሾል ወደኛ "እ" የቀረበ ነው። "ማሙሽ" ላይ ፈርቼ ነበር፣ ግን "ሹ"ን በሹክሹክታ የመዋጥ ልማድ አላቸው፤ ድምፁን ዝቅ ሳደርገው "ሽ" ሆኖ ቀረ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ኮምፒውተር እሹሩሩ ብሎኝ ተኝቻለሁ።


ሊያ_39 | ሰኞ፣ ከቀኑ 11፡05

ወንድሜ ሆይ፣ ስለ እህትህ ልታማ ስትመጣ የቤታችን ቁጥር ያለበትን ስም ባትጠቀም ጥሩ ነበር።

(39 ማለት በጃፓንኛ ሦስትና ዘጠኝ፣ "ሚ" እና "ኩ" ነው። ለማታውቁት።)

ሁሉንም አነበብኩት። ማሂዬ አመሰግናለሁ። ጋሽ ታፈሰ፣ እርስዎን ከሁሉም በላይ ወድጄዎታለሁ፣ ግን አንድ ነገር ልበልዎት። "የማይደክም ነገር አይዘፍንም" አሉ። በደቂቃ 240 ምት የሚሄድ የሚኩ ዘፈን አለ። ቃላቱ ትንፋሽ ለመውሰድ አንድ ቀዳዳ የላቸውም። ዘፈኑ ስለምንድነው? የኮምፒውተር ድምፅ ስለመጥፋቷ፣ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ስለምትረሳው ነገር ነው። ደራሲው ሰው ሊዘፍነው የማይችለውን ሆን ብሎ ነው የጻፈው። ከዚያስ? ልጆች ቤታቸው ተቀምጠው በራሳቸው ድምፅ መሞከር ጀመሩ። ደጋግመው ተለማምደው፣ ፊታቸው ቀልቶ። እና እዚያ ላይ ነው ድካሙ ያለው።

ሰው ናቲን ጨምሮ "ድምፅዋ ባዶ ነው" ይለኛል። አዎ፣ ባዶ ነው! እኔም የምወደው ለዚያ ነው። አንድ ልጅ ድምፁን ይጠላል፣ ሰው ፊት አይቆምም፣ ባንድ የለውም። ግን የሚለው አለው። ባዶ ድምፅ ሲያገኝ ይሞላበታል። ዛሬ ጃፓን ውስጥ እጅግ ከታወቁት አንዱ የሆነው ዮኔዙ ኬንሺ ድሮ "ሃቺ" በሚል ስም ክፍሉ ውስጥ ሚኩን የሚያዘፍን ልጅ ነበር። በኋላ በራሱ ድምፅ ወጣ። ዮአሶቢ የሚባለው የጃፓን ቡድን ዜማ ደራሲ አያሴም ከዚያው ሰፈር ነው።

ከሚኩ ዜማ ደራሲዎች ከሁሉም የምወደው ዎዋካ ነው። ፈጣን፣ የተጣደፈ፣ እየወደቀ ደጋግሞ የሚነሳ ዓይነት ዜማ ነበረው። በ2019 በ31 ዓመቱ ሞተ። እሱ በእጁ ያስቀመጣት እያንዳንዷ ዱላ ግን እዚያው ናት። ሐሙስ ዕለት ናቲን ላሰማው የነበረው የሱን ነበር። ኮንሰርቱን ያስቀደምኩት የሚያዝናናው መስሎኝ ነው።


ናቲ_22 | ሰኞ፣ 11፡20

ሊያዬ፣ ይቅርታ። ከምሬ ነው። አሰሚኝ።


ሊያ_39 | ሰኞ፣ 11፡21

እናያለን።


ጋሽ_ታፈሰ_ኪቦርድ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ልጄ ሊያ፣ የ240ውን ሰማሁት። አንድ ጊዜ ሰምቼ አስቆምኩት፣ ልቤ አልቻለችም። ሁለተኛ ስሰማው ደራሲው መጨረሻው አካባቢ ሁሉንም ነገር እንዴት እንዳራገፈው ገባኝ። ሰውዬው ሙዚቃ ያውቃል። እሷ ዘፈነች ለማለት አሁንም አፌ አይታዘዝም። እሱ ግን በእሷ ዘፍኗል። እዚያ ድረስ እመጣለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አትጎትቱኝ።

ብሩክ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። "ቀ" የላትም፣ "ጠ" የላትም እያልክ ከምትታገል ለምን የኛ ሰው አታስቀርጽም?


ብሩክ_ኮድ | ሰኞ፣ 1፡55

ጋሼ፣ አስቤው ነበር። ከ33ቱ ፊደል በድምፅ የሚደጋገሙትን ሳወጣ 27 ይቀራሉ። 27 በ7፣ 189። ሳድስ ደግሞ አንዳንዴ "እ" አላት፣ አንዳንዴ ባዶ ናት፣ ስለዚህ ሁለት ሁለት ጊዜ መቀረጽ አለባት። 216 ይሆናል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚንሸራተተውን ሳልጨምር ነው እንግዲህ። ሁሉም በአንድ ከፍታ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ጫጫታ በሌለበት። የኔ ድምፅ ለዶሮ ማባረሪያ ነው የሚሆነው። ፈቃደኛ አለ?


ሊያ_39 | ሰኞ፣ 1፡56

እኔ።


ናቲ_22 | እሑድ፣ ከቀኑ 8፡10

ሪፖርት ላቅርብ። ሳምንቱን ሙሉ እህቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብታ፣ ጋቢ ተከናንባ፣ ስልኳን በትራስ ላይ አቁማ ፊደል ስትቆጥር ከረመች። በአንድ ኖታ፣ ሳትወጣ ሳትወርድ። "ሀ… ሁ… ሂ…" እኔ በር ጠባቂ ነኝ። ፍሪጁን የምነቅለው እኔ ነኝ። የጎረቤት ውሻ ሲጮኽ "እንደገና" የምለው እኔ ነኝ። ደመወዝ የለውም፣ ጨው ግን ራሷ ትጠይቀኛለች።

ሐሙስ ማታ የመጨረሻዎቹ ቤቶች ላይ ደርሳ ነበር። አያታችን ከጓዳ ይሰማሉ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው ፊደል የቆጠሩት፣ እስከ ዛሬ ይኮሩበታል። ልጅቷ ለምን እንደገና ከ"ሀ" እንደጀመረች ማንም አልነገራቸውም። "ጰ" ላይ ስትደርስ መታገሥ አቃታቸው። የቁም ሳጥኑን በር ከፍተው "እንዲህ አይደለም፣ ከንፈርሽን ግጠሚ፣ ከዚያ ፈንዳ አርጊው" አሏትና አጠገቧ ቆመው ቤቱን በሙሉ አብረዋት ዘለቁት። "ጰ፣ ጱ፣ ጲ፣ ጳ፣ ጴ፣ ጵ፣ ጶ።" ሊያ ስልኩን አላጠፋችም።


ብሩክ_ኮድ | እሑድ፣ 10፡45

ፋይሎቹ ደረሱኝ። ሁሉንም ቆርጬ አስገብቻለሁ። "ቆንጆ" ቆንጆ ሆናለች። "ልቤ"ም ልቤ። የጰ ቤትን ግን ሊያ እንደገና እንድትቀርጽልኝ ልጠይቅ ነበር፣ ሁለት ሰው ነውና ያለበት። ከዚያ መጀመሪያ ልሞክራት ብዬ "ኢትዮጵያ" አልኳት። አምስቱን ፊደል በአምስት ኖታ፣ በትዝታ ማይነር፣ ለጋሽ ታፈሰ ብዬ። አያይዤዋለሁ፣ ስሙት።


የመርካቶው | እሑድ፣ 10፡52

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። መሀል ላይ አንዲት እናት ብቅ ብለው ይመለሳሉ እኮ!


ጋሽ_ታፈሰ_ኪቦርድ | እሑድ፣ 11፡03

ብሩክ፣ "ጵ" ላይ ያሉትን እናት እንዳትነካቸው።